ቁርጥ እሱን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ዛሬ ከመቅደላ ተነሥተው መጥተው ፒያሳ ላይ ከታክሲ ቢወርዱ ታውቋቸዋላችሁ?

ይህንኑ ጥያቄ በቀደም እሁድ ቡና ላይ ለተሰበሰቡ ጎረቤቶቼ አቅርቤላቸው ነበር። «እንዴታ!» አሉኝ ባንድ አፍ። አንደኛው ሹሩባቸው እንዴት እንደነበር በራሱ መላጣ ላይ በጣቱ እያሰመረ አሳየኝ። አንዷ ዓይናቸውን አነሣች፤ «የሚያስፈራ፣ ግን ደግሞ የሚያሳዝን» አለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ሮጦ ሄዶ ምስላቸው የታተመበትን ቲሸርት አመጣ። ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። እኔ ግን የድሮ የመምህርነት ክፋቴ ተነሣብኝና «ይሄ ምስል ከየትኛው ፎቶግራፍ የተገለበጠ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ዝም አሉ።

ዝም ማለታቸው ልክ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ የለም። እስከ ዛሬ አንድም አልተገኘም። በዘመናቸው ካሜራ አገራችን ስላልደረሰ ነው እንዳንል፣ ሄንሪ ስተርን የሚባለው ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1859 አካባቢ ካሜራ ተሸክሞ ገብቶ ነበር። (ይህ ስተርን ኋላ ባሳተመው መጽሐፉ የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ ጻፈና ከታሰረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆነ። እንግሊዞች ጦር ያዘመቱባቸው እስረኞች ውስጥ እሱም አለበት። ለእኛ ካሜራውን ትቶ ብዕሩን ማንሣቱ ነው የጎዳን።) ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደ ጊዜ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1868 አንሥታዋለች። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያንን ፊት ያየ ሁሉ ሆዱ ይባባል። እንግዲህ የልጁን መልክ እናውቃለን፣ የአባቱን አናውቅም። «እናውቃለን» ብለን ግን እንምላለን።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ሥዕል መማር ጀምሬያለሁ።

አትሳቁ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ተማሪዎች ፊት ቆሜ «ገጸ ባሕርይ አሳሳል» የሚባል ትምህርት ሳስተምር ኖሬያለሁ። ገጽ! አሳሳል! አንድ ጆሮ እንኳ መሣል የማይችል ሰው ስለ ገጽ አሳሳል ሲያስተምር ማንም አልከሰሰውም። ብዕር እንደዚያ ነው፤ «ጠይም፣ አፍንጫ ሰልካካ፣ ዓይኗ የብር ዋንጫ» ብለህ ትጽፋለህ፣ አንባቢው የገዛ እህቱን ወይም የጎረቤቱን ልጅ አውጥቶ እዚያ ያስቀምጥልሃል። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ «ሰብለ ወንጌልን ግለጹልኝ» ብዬ አርባ ተማሪ ብጠይቅ አርባ ሰብለ ወንጌል አገኘሁ። እርሳስ ግን አያዝንልህም። ወይ ይመስላል፣ ወይ አይመስልም።

አስተማሪዬ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሥነ ጥበብ ተምሮ የወጣ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። እሱ ጋሼ ይለኛል፣ እኔ መምህር እለዋለሁ፣ እሱ ያፍራል። መጀመሪያ ቀን አንድ መስታወትና አንድ እርሳስ ሰጥቶኝ «ራስዎን ይሣሉ» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ወረቀቱን አየና ሳቁን ዋጠው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን እኮ ግንባርዎ ላይ ሰቀሉት።»

እንደዚያ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል። ሰው ሲያይ የሚያየው ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ስለሆነ ግንባርና አናት ትርፍ ቦታ ይመስለዋል። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ ለኩት፤ ከአናታችሁ ጫፍ እስከ አገጫችሁ ድረስ ቢለካ ዓይን ያለው ልክ መሐል ላይ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ደግሞ የአንድ ዓይን ስፋት አለ። የጆሮ ቁመት ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ፊቴን ሳጥብ ይህን አላየሁትም።

ልኬቱን ተምሬ ሳበቃ ባለቤቴን ሣልኳት። ወረቀቱን ተቀብላ ዘለግ ላለ ጊዜ ካየችው በኋላ «የድሮው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው?» አለችኝ። ለመምህሬ ስሞታ ይዤ ሄድኩ። እሱም የነገረኝን እስካሁን አልረሳሁትም፤ «በልኬቱ ሰው ሁሉ አንድ ነው ጋሼ። መልክ የሚጀምረው ሰውየው ከልኬቱ ዝንፍ ካለበት ቦታ ነው። እርስዎ ዝንፈቱን አረሙት።» ለካ አክብሬ፣ አሳምሬ፣ ቀጥ አድርጌ ስሥላት ሚስቴን ከውስጧ አውጥቻታለሁ! ቀጥሎ የሆነ ሰው ፎቶግራፍ ዘቅዝቆ ሰጠኝና እንደተዘቀዘቀ እንድገለብጠው አዘዘኝ። ከሣልኳቸው ሁሉ የተሻለው ያ ሆነ። ዓይን ነው፣ አፍንጫ ነው ማለት ስላልቻልኩ መስመሩን ብቻ ተከተልኩ። «አዩ፣ የሚያውቁትን አይሣሉ፤ የሚያዩትን ይሣሉ» አለኝ።

እዚህ ላይ ግን ተከራከርኩት። የእኛ አገር ሠዓሊ ስንት መቶ ዓመት የሚያውቀውን አይደለም እንዴ የሣለው?

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስቡ። ጻድቁ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይኑን በልጥጦ ያያችኋል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደር በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ እንኳ ይኸው ሕግ አለ፤ የእኛ ሰው ሁለት ዓይን አለው፣ ጣሊያኑ ብዙውን ጊዜ አንድ። ሠዓሊው ጣሊያን ሁለት ዓይን እንዳለው ጠፍቶት አይደለም። የሰውየውን ዓይን ቁጥር ሳይሆን የሰውየውን ወገን ነው የሚሥለው። ማንነቱን መለየት ካስፈለገ ደግሞ ስሙ ከራሱ በላይ ይጻፋል። ፊቱ ማን መሆኑን አይናገርም፣ ጽሕፈቱ ነው የሚናገረው። (የእኔም የመጀመሪያ ዓመት ሥራዎች በዚህ በኩል የጥንቱን ሥርዓት የጠበቁ ናቸው። ከሥራቸው ስም ካልተጻፈ ማንም አያውቃቸውም።)

በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን የጎበኘ ሰው እቴጌ ምንትዋብን እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ያገኛቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ልብሳቸው አለ፣ ክብራቸው አለ፣ መደፋታቸው አለ። እቴጌይቱ በመልካቸው ይደነቁ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ግን ከዚያ ሥዕል ተነሥታችሁ መንገድ ላይ ብታገኟቸው አትለዩዋቸውም። ሠዓሊው እንድትለዩዋቸው አልሣላቸውም። ማን እግር ሥር እንደተደፉ እንድታዩ ነው የሣላቸው።

ሥነ ጽሑፉም ከዚህ አልራቀም። በግዕዝ «መልክዕ» የሚባል የምስጋና ድርሰት አለ። መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ፣ የየጻድቁ መልክዕ። ደራሲው ከራስ ጠጉር ተነሥቶ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ከንፈር፣ ጥርስ እያለ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ አካል ሰላምታ እያቀረበ ይወርዳል። በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሰውን አካል በዝርዝር የጠራ ግጥም ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ግን ያንን ሁሉ አካል ብትሰበስቡት የአንድ ሰው ፊት አይወጣችሁም። ስሙ መልክዕ ነው፣ የያዘው ግን ፍቅር ነው።

ስለዚህ «የጥንት ሠዓሊዎቻችን መልክ መያዝ አይችሉም ነበር» የሚለውን አነጋገር አልቀበለውም። አልፈለጉም እንጂ ምሳሌው አልጠፋቸውም። ከአፄ እስክንድር ዘመን ጀምሮ አርባ ዓመት የኖረ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ እዚሁ አገር ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ሲመጣ በሕይወት አግኝቶታል። ይህ ሰው እንደ አገሩ ልማድ ሕፃኑን ክርስቶስን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ ቢሥል፣ «ግራ እጅ የተናቀ እጅ ነው» ተብሎ ሕዝብ ተነሣበት ይባላል። ንጉሡ ባይደርሱለት ኖሮ ሥዕሉም እሱም አይተርፉም ነበር። የእሱን አፍንጫ አሳሳል ማንም አልተቃወመም። የተጣሉት ስለ ትርጉም ነው።

አንድ መልክ ሲወደድ ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ አሳይተዋል። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ ሥዕል ከአውሮፓ የመጣ ነው። የጎንደር ነገሥታት ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ፣ ይማማሉበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከስናር ጋር በተደረገው ውጊያ ተማርኮ፣ ተከፍሎበት ተመለሰ። ሠዓሊዎቻችን ያንን ፊት ደጋግመው ከመገልበጣቸው የተነሣ ለሕዝቡ የክርስቶስ መልክ እሱ ሆነ። ስለዚህ ሥዕል በኋላ የምለው ስላለኝ ያዙልኝ። ቅዱስ ሉቃስም እመቤታችንን የሣላት የመጀመሪያው ሠዓሊ ነው ተብሎ ይታመናል። ሉቃስ በሙያው ሐኪም ነበር። እንግዲህ ሥዕሉ የትርፍ ጊዜው ሥራ ነበር ማለት ነው፤ እኔ በዚህ እጽናናለሁ።

ፈረንጆቹስ ሁልጊዜ ያዩትን ሣሉ? ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው ኡፊዚ ሙዚየም የአፄ ልብነ ድንግል ሥዕል አለ። የሣለው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባል ሰው ነው። ይህ ሠዓሊ ለፍሎረንሱ መስፍን ለኮሲሞ ዴ ሜዲቺ፣ ፓኦሎ ጆቪዮ የተባለው ምሁር ኮሞ ላይ ከሰበሰባቸው የታላላቅ ሰዎች ምስሎች እየገለበጠ ብዙ ዓመት የሠራ ነው። ኢትዮጵያን አልረገጠም። ንጉሡንም በዓይኑ አላየም። ሥዕሉን ስታዩት ግን ቆዳው፣ ዓይኑ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ «ተቀምጠውለት ነው የሣለው» ያሰኛል። ብርሃንና ጥላ አታላይ ነገር ነው። እኛ በስም እንለያለን፣ እነሱ በጥላ ያሳምኑናል።

ከዚያ ፎቶግራፍ መጣና ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይዘውት ዘለቁ። ምኒልክን ስለዚህ አንስታቸውም። በኋላም ከጎንደር ተነሥቶ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የተማረው አገኘሁ እንግዳ የገዛ ራሱን መልክ በዘይት ቀለም ሣለ። ለሦስት መቶ ዓመት የነገሥታቱን መደፋት ሲሥል የኖረ አገር ልጅ መስታወት ፊት ቆሞ «እኔስ?» አለ ማለት ነው። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የአየር ኃይል ባልደረባ የነበሩት ለማ ጉያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፉ ድረስ ቢሾፍቱ ሆነው የሰውን ፊት በፍየል ቆዳ ላይ ሲሥሉ ኖሩ። ሰውም ለመደ። ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ሠዓሊ ቤት ሄዶ «አሳድገህ ሣልልኝ» ማለት የከተማ ወግ ሆነ። በተለይ ሐዘን ቤት። ጠረጴዛው ላይ ሥዕሉ ይቀመጣል፣ ለቀስተኛው እሱን እያየ ያለቅሳል።

እኛ ቤት ግን ጉርዱም አልነበረም።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከቤት ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እማዬ ሌሊት ተነሥታ መጽሐፎቹን ከሰል ማንደጃው ውስጥ ስትጨምር ነቃሁ። መጽሐፎቹ ሲያልቁ ፎቶዎቹን አመጣች። አፍሮውን አበጥሮ ቤል ቦቶም ለብሶ የተነሣው ነበር፤ ከክፍሉ ልጆች ጋር የተነሣው ነበር፤ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሣው ጉርድ ነበር። ፎቶ ሲቃጠል መጀመሪያ ጫፉ ነው የሚጠቀለለው። ፊቱ መጨረሻ ላይ ነው። ፎቶው ተይዞ ማን እንደሆነ ቢታወቅ እሱም፣ እሱ አጠገብ የቆሙትም አይተርፉም፤ ስለዚህ ትክክል አደረገች። ይህን ለራሷ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ሁላችንም ፎቶ ቤት ሄደን የተነሣነውን የቤተሰብ ፎቶ ግን ማቃጠል አቃታት። በመቀስ እሱን ቆርጣ አወጣችው። አንድ ነገር ብቻ ሳይቆረጥ ቀረ፤ ግራ እጁ። እኔ ትከሻ ላይ አስቀምጦት ነበርና እሱን ለመቁረጥ እኔን መቁረጥ ነበረባት። ያ ፎቶ ዛሬም ቤታችን አለ። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ እጅ የማን ነው?» ይላል።

ወንድሜ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ለቅሶ መቀመጥም አይቻልም ነበርና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሥዕልም አላስፈለገም።

እማዬ አሁን ወደ ዘጠና ዓመት እየተጠጋች ነው። ዓይኗ ደከም ብሏል፣ ትዝታዋም እንደ ድሮው አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «ፊቱ ጠፋብኝ» አለችኝ። የማን ብዬ አልጠየቅኳትም። እርሳስ የገዛሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ሥዕል ልመለስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አፋፍ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ወደቁ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። አምባው ሲያዝ ይህ ሰው የሞቱትን ንጉሥ ፊት በእርሳስ ነደፈ። ኩርዓተ ርእሱንም የወሰደው እሱ ነው። ለሙዚየሙ አላስረከበውም፤ ለራሱ ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ የት እንዳለ ዓለም አያውቅም ነበር። አንድ ሰው፣ በአንድ ሰሞን፣ የንጉሡን ፊት በወረቀት፣ ነገሥታቱ የሚማማሉበትን ፊት በሣጥን ይዞ ወረደ።

ሬሳውን የሣለው እሱ ብቻም አይደለም። ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስ የራስ ጠጉር ስልሳ ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ሙዚየሙ እንደተናገረው፣ ጠጉሩን እ.ኤ.አ. በ1959 የሰጡት ንጉሡን በሞቱበት የሣላቸው የአንድ ሠዓሊ ዘመዶች ናቸው። ሥዕሉን ሠራ፣ ከሹሩባውም ቆርጦ ያዘ ወይም ተቆርጦ ደረሰው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ጠጉሩ ለኢትዮጵያ ልዑካን ተመለሰ። በዚያ ሰሞን ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ የመሰለኝን ልንገራችሁ። ከንጉሡ አካል የሚታይ አንድ እውነተኛ ነገር ቢኖር ያ ጠጉር ነው፤ ጎረቤቴ መላጣው ላይ በጣቱ ያሰመረልኝ ሹሩባ።

ታዲያ «እውነተኛው» የቴዎድሮስ መልክ የሆልምስ ንድፍ ነው? ከሰውየው ፊት ቆሞ የሣለ እሱ ነውና በመምህሬ ሕግ መሠረት አዎን ማለት ነበረብኝ። ወስጄ አሳየሁት። ዘለግ ላለ ጊዜ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ሬሳ ነው» አለኝ። «መልክ ማለት እኮ ሰውየው ፊቱን የሚይዝበት ልማድ ነው። ሲሞት ይለቀዋል።» ይኼኔ ቲሸርቱ ትዝ አለኝ። የእኛ ሠዓሊዎች ከየት አመጡት? አንዳንዱን በአውሮፓ መጻሕፍት ላይ ከወጡ፣ በአንበሶች ከበው ከሚያሳዩ ሥዕሎች፤ አንዳንዱን ከአባቶች ወሬ። ብርሃኑ ዘሪሁን በልብ ወለድ፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ ስለዋቸዋል። መድረክ ላይ የወጣው ተዋናይ ፊትም እንደ ንጉሡ ፊት ሆኖ በተመልካቹ ልብ ቀርቷል። ምን አለፋችሁ፣ ሁሉም ዓይናቸውን ገልጦ ነው የሣላቸው። ልክ አይደለም ልላቸው ፈልጌ አቃተኝ። ለሞተ ሰው ዓይን መግለጥ ውሸት ከሆነ እኔም ለዚያው ውሸት ነው እርሳስ የገዛሁት።

የወንድሜን ፊት ዓይኔን ስጨፍን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እርሳሱ ወረቀቱን ሲነካ ይጠፋል። ይህን የሞከረ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ሥዕል ጨርሼ ለእማዬ ሳሳያት ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ ያዘችውና «ይሄማ አባታችሁ ነው» አለች። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ፎቶግራፉ ሞልቷል። ሁለተኛውን ሳሳያት ሳቀች። «አንተ ነህ» አለችኝ። መምህሬ ምክንያቱን ነገረኝ፤ መስታወት ፊት ተቀምጬ ስሥል የከረምኩት ራሴን ስለሆነ እጄ ሌላ ፊት አያውቅም።

ሦስተኛው ላይ የእህቴን ልጅ አስቀመጥኩት። ዘመድ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ «ቁርጥ አጎቱን!» የሚለው ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ የማያውቀውን አጎቱን ሆኖ ለአራት ቅዳሜ ስልኩን እየነካካ ተቀመጠልኝ። ቀና በል ስለው ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ያዘቀዝቃል። ከፊቱ ላይ አሥር ዓመት ቀነስኩ። ጉንጩን ሞላ አደረግኩት፣ ጢሙን አነሣሁለት፣ አፍሮ አበጠርኩለት። እጁን ለመሣል ግን ልጁ አላስፈለገኝም። እሱ አለኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ወጣልኝ፤ አውራ ጣቱ ትንሽ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ይዤላት ገባሁ። ጠዋት ነበር፣ ጥሩ ብርሃን አለ። አልጋዋ ላይ ቀና አድርጌ ትራስ ደገፍኩላትና ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። እንደ በፊቶቹ ቶሎ ስም አልጠራችም። አፏን ከፈት አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ጠባሳው የታለ?» አለች።

«የምን ጠባሳ?»

«ቅንድቡ ላይ ነዋ። ከኮርማው ጋራ አያቱ ቤት… አንተ አልተወለድክም።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጠባሳ አልሰማሁም፤ ወይም ሰምቼ ረስቻለሁ። በየትኛው ቅንድብ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጣቷን የራሷ ግራ ቅንድብ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ወሰደችው፣ ተቆጣች። «ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው የማየው» አለች። ከዚያ ራሷ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ፈለገችውና በጣቷ ያዘችው። «እዚህ ጋ። እንዲህ ነው የወረደው።»

የሣልኩት በከሰል እርሳስ ነው። ጣቷ በሄደበት ሁሉ ጥቁሩ ተፋቀ፤ ከቅንድቡ መሐል ወደ ሽፋሽፍቱ የወረደች አንዲት ነጣ ያለች መስመር ቀረች። ላጲስና እርሳስ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ አስተካክላለሁ ብዬ አወጣኋቸው። እማዬ ወረቀቱን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

«ተወው፣ እንዳትነካው» አለች።